ቦታ የለም የሚለው ሰው

ሮም ውስጥ ሀብተሚካኤልን በሙሉ ስሙ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። «ቦታ የለም» ሲባል ግን የማያውቀው ሐበሻ ሰሞኑን የመጣ ብቻ ነው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሲያልፍ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሴቶች፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ ዛሬስ ቦታ አለ?» ይሉታል። እሱም ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች ያያቸውና፣ ከሆዱ ሥር በሚወጣ ወፍራም ድምፅ፣ «ቦታ የለም!» ይላል። ሴቶቹ ይንከተከታሉ። እሱ ጥርሱን ሳያሳይ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሚስቀው ማዕዘኑን ከዞረ በኋላ ብቻውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ የገና ዋዜማ ጣሊያኖች ቤፋና ብለው ሥራ በሚዘጉበት ቀን ላይ ይውላል። ስለዚህ ሽማግሌ የሚጦሩትም፣ ልጅ የሚይዙትም፣ ቤት የሚያጸዱትም አብዛኞቹ ያን ቀን ያርፋሉ፤ የሐበሾቹ ማኅበርም በተዋሰው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ የልደት ድራማ ያሳያል። እመቤታችንን ሆኖ መጫወት ነውር ነው ስለተባለ፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ እንዳለች ይታሰባል። መድረክ ላይ ብቅ የሚለው ዮሴፍ ብቻ ነው። ዮሴፍ ደግሞ ዘወትር ሳሚ ነው፤ በጋውን ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ ሲተክል የሚከርም፣ ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ የሚተሳሰር ጎልማሳ። እረኞቹ ያፍራሉ። መላእክቱ ግጥሙን ይረሳሉ። ታዲያ ሕዝቡ በዚያ ብርድ አዳራሹን የሚሞላው ማንን ለማየት ነው? የእንግዶች ማደሪያውን ባለቤት ነዋ።

ሀብተሚካኤል የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ወገቡ ላይ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሎ ይወጣል። ቁልፎቹ የድራማ ዕቃ አይደሉም፤ የእውነት ቁልፎች ናቸው፤ በረኛ ሆኖ ከሚሠራበት ሕንፃ ይዟቸው የሚመጣ። ሳሚ እየተንተባተበ «ማደሪያ እንፈልጋለን» ሲል፣ ሀብተሚካኤል ቁልፎቹን አንዴ ያቅጨለጭላቸዋል።

«ዶኩሜንቶ?» ይላል። «ፔርሜሶህን አሳየኛ! ሬዚዴንሳህ የት ነው? ቡስታ ፓጋ አለህ? ዋስ የሚሆንህ ጣሊያንስ? ከየት ነው የመጣሁት ያልከኝ?»

«ከናዝሬት» ይላል ሳሚ።

«ከናዝሬት! አሎራ፣ እንግዲያው ቦታ የለም!»

የመጨረሻዋን ቃል ሕዝቡ አብሮት ይላታል። ሰው እንባው እስኪወርድ ይስቃል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ይቺን የመታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአድራሻና የደመወዝ ወረቀት ጥያቄ ከእነቅደም ተከተሏ በስልክም፣ በበር ቀዳዳም ሰምቷታል፤ በሰማ ጊዜ አልሳቀም። በዓመት አንድ ቀን ግን ይስቅባታል። ሀብተሚካኤል ይህን ያውቃል፤ ስለዚህም በዚያች ሚናው ይኮራል። ጳጳስ ቢያደርጉት እንኳ ይቺን አይለቅም ነበር።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ፓሪዮሊ ሰፈር፣ የሀብታሞች ሕንፃ ሥር፣ ለበረኛ የተሰጠች ባለ ሁለት ክፍል ማረፊያ አለችው። ፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ከሚስቱ ከለተንኪኤል ጋር ይበላል፣ ይተኛል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ኋለኛዋ «የእንግዳ ክፍል» ትባላለች። ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ አላት፤ ሶፋው የተገዛበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወለቀም። እንግዳ ግን አድሮባት አያውቅም፤ በሯ ይቆለፋል፣ ቁልፏም ከዚያ ዘለላ ላይ ነው። ሰው «ለሳምንት ብቻ» ብሎ ሲለምነው ሀብተሚካኤል እጁን ዘርግቶ፣ «እኔማ ደስ ባለኝ፤ የሕንፃው ሬጎላሜንቶ አይፈቅድም እንጂ» ይላል። ይህን ሬጎላሜንቶ የሚለውን ደንብ ያየ ሰው የለም። የሕንፃውን አስተዳዳሪ ቢሮ በየሳምንቱ የምታጸዳው ለተንኪኤልም አላየችውም።

እውነቱ ሌላ ነው። ሮም በገባበት የመጀመሪያ ክረምት ለስድስት በአንዲት ክፍል፣ በተራ ነበር የሚተኛው፤ ሌላ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ እሱ ይገባል፣ ፍራሹ የሌላ ሰው ሙቀት እንዳለበት ነው። ያን ጊዜ፣ አንድ ቀን ማንም የማይተኛበት ባዶ ክፍል ይኖረኛል ብሎ ለራሱ ማለ። ሞኝነት ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን ያቺ ባዶ ክፍል የደረሰበት ከፍታ ናት። አንዳንዴ ከፍቶ ገብቶ፣ ላስቲኩ ላይ ተቀምጦ፣ ተመልሶ ይቆልፋታል።

በዚህ ሁሉ ላይ ነው ግሪኩ የመጣው።

ግሪክ የሆነ ሰው ማለቴ አይደለም። ዲያቆን አቤል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሮም መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠና የተላከ ቀጭን ወጣት ነው። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ፣ በዚያው አዳራሽ ወንጌል ያስተምራል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «በግሪኩ ግን…» ይላል፤ በዚህ የተነሣ ሴቶቹ በሌለበት «ግሪኩ» ነው የሚሉት። «ግሪኩ ዛሬ ይመጣል?» «ግሪኩ ጉንፋን ይዞታል» ይባባላሉ። ከድስት ጋር ስለማይተዋወቅ ረቡዕ ረቡዕ የሚበላው ለተንኪኤል ዘንድ ነው።

የነቢያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ አቤል የልደቱን ታሪክ ከሉቃስ ወንጌል አነበበና፣ «በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቱ ተነሣች።

«በግሪኩ ግን» አለ፣ «እዚህ ላይ ያለው ቃል ካታሉማ ነው። ካታሉማ ሆቴል አይደለም። ሥሩ መፍታት ማለት ነው፤ መንገደኛ ጭነቱን ከአህያው የሚፈታበት፣ ወገቡን የሚያላላበት ክፍል ነው። የሰው ቤት የእንግዳ ክፍል ማለት ነው። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ፋሲካን የበላባት ክፍልም በዚሁ ቃል ነው የተጠራችው። ዮሴፍ የሄደው ወደ አባቶቹ ከተማ ነው፤ ዘመድ ቤት ነው ያረፈው። የእንግዳ ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ስለነበር፣ ከብት በሚገባበት በዋናው ቤት ውስጥ አስጠጓቸው።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?» አለች ውባንቺ። ውባንቺ የድራማው ኃላፊ ናት፤ ያደገችው ገጠር ነው። «እኛስ አገር ጥጃውም አህያውም ማታ እቤት አይደል የሚገባው? መደቡ ከሞላ እንግዳ ከጥጃው ጎን ይነጠፍለታል። ቤቱ ሞላ እንጂ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩማ።»

«ልክ ነሽ» አለ አቤል፣ ፊቱ በራ። «ክፉ አልነበሩም። በሞላ ቤት ውስጥ ቦታ ፈጠሩ። በር የዘጋ ሰው ወንጌሉ ውስጥ የለም። ሉቃስ የሆቴልን ቃል ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ያውቀዋል። እዚህ ግን አልተጠቀመበትም። ስለዚህ የሆቴል ባለቤት የሚባል ሰው በቤተልሔም…» እዚህ ላይ አንደበቱ ያዝ አደረገው።

ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ፤ ሀብተሚካኤል ወደ ተቀመጠበት። እሱ ክው ብሎ ቀረ። ሳሚ ሊይዘው ሞክሮ ያቃተው ሳቅ በአፍንጫው ወጣ።

«ቀጥል ዲያቆን» አለ ሀብተሚካኤል። «በቤተልሔም ምን?»

«አልነበረም» አለ አቤል በቀጭን ድምፅ።

ውባንቺ ወንጌልን ከተረዱ በኋላ ስህተቱን ማሳየት ኃጢአት ነው ብላ፣ ድራማው ዘንድሮ በግሪኩ እንዲታረም ወሰነች። ዘመድ ቤት ይሆናል፤ የቤቱ ሰዎች መደቡን እያጣበቡ እንግዶቹን ያስገባሉ። ለሀብተሚካኤልም በክብር ቦታ ተፈለገለት።

«ጋሽ ሀብቴ፣ በሬው ይሁኑልን» አለችው። «ድምፅዎ ያምርበታል።»

ሀብተሚካኤል ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልህ አለው። አሥር ዓመት አልፎታል በዚያ መድረክ ላይ። እሱን አውጥቶ በሬ ማስገባት! ማታ ፊተኛዋ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ግሪክን ከነታሪኳ ረገመ። ለተንኪኤል የሕንፃው ሴቶች የሰጧትን ሸሚዝ እየተኮሰች ሰማችው። አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች ሴት ናት፤ ስትናደድም ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ይህም ሀብተሚካኤልን የሚያስፈራው ነገር ነው።

«አሎራ» አለች ካውያውን አቁማ። «ዘመድ ቤት ነበራ።»

«ዘመድ ቤት ነው ይበል! እኔን ምን አገባኝ?»

«ሚለን ደውላ ነበር።»

ሚለን የለተንኪኤል የእኅት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጣ፣ በሊቢያና በባሕር አልፋ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ባለው የስደተኞች ማዕከል ከገባች ዓመት ሊሆናት ነው።

«ፔርሜሶዋ ወጣ» አለች ለተንኪኤል። «ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ማዕከሉን ይለቃል። እስከ ቤፋና ነው ያሏት። ሥራ አግኝታለች፣ ቤት ግን ማንም አያከራያትም።»

«እሰይ፣ ፔርሜሶዋ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል» አለ ሀብተሚካኤል። «እዚህ እንኳ እንዳላስጠጋት ታውቂዋለሽ፣ ሬጎላሜንቶው…»

«አውቀዋለሁ» አለች። ሸሚዙን አገላበጠችው። «ቦታ የለም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይቺ አነጋገር ትወጋው ነበር። ያን ቀን ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ዲያቆኑ «ሉቃስ የሆቴልን ቃል ያውቀዋል» ያላት ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ታቃጭላለች። ካወቀው የሆነ ቦታ ጽፎታል ማለት ነው። መነጽሩን አደረገና የሉቃስን ወንጌል ከመጀመሪያው ያዘው። ምዕራፍ አሥር ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ብድግ አለ። ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት ሰው፤ ደጉ ሳምራዊ በአህያው ጭኖ የወሰደው። ወዴት ነው የወሰደው? ወደ እንግዶች ማደሪያ! ያው ቃል፣ በዚያው በአማርኛችን፣ ያው የቤተልሔሙ። ባለቤትም አለው፤ ሳምራዊው ሲያናግረው ሁሉ ተጽፏል።

«ለተ፣ ይኸውልሽ ሰውዬው!» አለ። «አለ! ጠፋ የተባለው ሰው አለ!»

«እንኳን ተገኘ» አለች ለተንኪኤል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሀብተሚካኤል ሱፉን ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ገና ጸሎት እንደተደረገ ተነሥቶ፣ ጣቱን እንደ አቤል ወደ ላይ ቀስሮ፣ «በአማርኛው ግን» ብሎ ጀመረ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ምዕራፍ አሥርን አነበበና፣ የእንግዶች ማደሪያ ባለቤት ቤተልሔምም ኢያሪኮ መንገድም ያው አንድ ስለሆነ ሚናው ይመለስልኝ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ እንዳሸነፈ ሰው ከረባቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

አቤል የሚናደድ መስሎት ነበር። አልተናደደም። እንዲያውም ወንበሩ ላይ አልችል አለ፣ የግሪኩን ወንጌል ከቦርሳው ለማውጣት ሲጣደፍ መነጽሩን ጣለው።

«ጋሽ ሀብቴ፣ በጣም ትልቅ ነገር ነው ያነሡት!» አለ። «በአማርኛው ሁለቱም የእንግዶች ማደሪያ ናቸው፤ በግሪኩ ግን የተለያዩ ናቸው። ቤተልሔም ላይ ካታሉማ ነው፣ የዘመድ ቤት። እዚህ ግን እውነተኛ ሆቴል ነው፣ መንገድ ዳር ያለ። ባለቤቱም አለ፤ እርስዎ እንዳሉት አለ! ስሙ ፓንዶኬውስ ይባላል። ወንጌል ውስጥ በዚህ ስም የተጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ፓንዶኬውስ» አለ ሀብተሚካኤል ቀስ ብሎ፣ እንደ አዲስ ልብስ እየለካው። ወደደው። አንድ ሰው ብቻ መባሉን ደግሞ ይበልጥ ወደደው።

«ትርጉሙስ?» አለች ለተንኪኤል ከጎኑ። ለተንኪኤል ሐሙስ ዕለት አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር።

«ፓን ማለት ሁሉ ነው። ዶኬውስ ያለው ደግሞ ከመቀበል ነው የመጣው። ሁሉን የሚቀበል ማለት ነው። ያ ሳምራዊ ስሙ የማይታወቅ፣ ልብሱ የተገፈፈ፣ ከየት እንደመጣ የማይናገር ሰው ተሸክሞ ሲመጣ፣ የማደሪያው ባለቤት አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የቀደሙት አባቶች ይህን ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ይተረጉሙታል፤ ስሙ ራሱ ነዋ፣ ሁሉን ተቀባይ።»

ውባንቺ አጨበጨበች። ሁለት ድራማ እናሳያለን አለች፤ መጀመሪያ ቤተልሔምን በግሪኩ፣ ቀጥሎ ደጉን ሳምራዊ። ሳሚ ሳምራዊውን ይሆናል። የተደበደበውን ሰው፣ የሚናገረው ነገር ስለሌለ፣ ራሱ ዲያቆን አቤል ይሆናል። ሀብተሚካኤል ደግሞ ፓንዶኬውስ።

ሀብተሚካኤል የበሬውን ሚና መለሰና ደረቱን ነፋ። ሚና ሚና ነው፤ በሩን ሲያንኳኩበት አንዴ ዶኩሜንቶ ይጠይቃል፣ አንዴ «ቦታ የለም!» ይላል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ ከዚያ ያስገባዋል፤ እንዲህ ብሎ አሰበ። ይህን ሲነግራቸው አቤል ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም ጋሽ ሀብቴ። ቃሉ አይፈቅድም። ‘ቦታ የለም’ ካለማ ፓንዶኬውስ አይደለም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘ይግባ’።»

«ይግባ? በቃ?»

«በቃ።»

ልምምድ ላይ ጉዱ ፈላ። ሳሚ አቤልን በጀርባው አዝሎ ይመጣል፣ ያንኳኳል፤ ሀብተሚካኤል ቁልፉን እያቅጨለጨለ ይወጣና፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ይግባ!» ይላል። ሳሚ ደንግጦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አንዴማ አቤልን ጥሎት ሊሮጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው እየተቀበሉ እኮ ነው፣ እያባረሩ አይደለም» ትላለች ውባንቺ። «እንደገና።»

«ይግባ።»

«ፖሊስ የሚጠሩ ነው የሚመስለው። ደስ ብሎዎት ይበሉት። እንግዳ ሲመጣብዎ እቤት እንዴት ነው የሚሉት?»

ለተንኪኤል ከጥግ ሆና፣ «እቤት እናለማምደዋለን» አለች።

እውነትም አለማመደችው። ታኅሣሥን ሙሉ፣ ቁርስ ላይ ወጥታ የማረፊያውን ደወል ትደውላለች፤ እሱ ከፍቶ «ይግባ» ይላል፤ «ድጋሚ» ብላ በሩን ትዘጋበታለች። የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ «ተለማመድበት» ትለዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ሲኞራ ደብዳቤ ሊጠይቁ ብቅ ሲሉ፣ በረኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በአማርኛ ሲያስተናግዳቸው እየተገረሙ ገብተው ቁጭ አሉ፤ ይነሡ ቢባሉም እንቢ አሉ። ቀስ በቀስ ድምፁ ረገበ። አንድ ቀን ጠዋት «ይግባ» ሲል ራሱ ሰማው፤ ጥሩ ነበር። ግን ይህ ሁሉ በፊተኛዋ ክፍል ነው። ስለ ሚለን ባነሣችበት ሁሉ መልሱ ሬጎላሜንቶው ነበር፤ ለተንኪኤልም ከዚያ ወዲያ አላነሣችበትም። ይህ ዝምታዋ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር።

የቤፋና ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የመጀመሪያው ድራማ አለቀ፤ የቤተልሔም ዘመዶች መደባቸውን አጣበቡ፣ ውባንቺ ጭድ በተነች፣ አንዳንድ እናቶች አለቀሱ። ሳቅ ግን አልነበረም። ሕዝቡ የሚጠብቀውን ሰው አላየም። «የታለ ቦታ የለም?» የሚል ጉርምርምታ ከኋላ ይሰማል፤ ሀብተሚካኤል ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቶት ልቡ ተሰቀለ።

ተራው ደረሰ። ሳሚ አቤልን አዝሎ እያቃሰተ መጣና አንኳኳ። ሀብተሚካኤል ቆቡን ደፍቶ፣ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ሲወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ስቦ፣ አብሮት ሊል ከንፈሩን አዘጋጅቷል።

«ይግባ» አለ።

ከዚያ ግራ የተጋባ፣ እዚህም እዚያም የሚሰማ ሳቅ፤ ቀልዱ የቀረባቸው ሰዎች ሳቅ። ሀብተሚካኤል አቤልን ምንጣፉ ላይ እያስተኛ በልቡ አለቀሰ። ግሪኩ ገደለኝ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚቀር ነገር አልነበረም፤ ውባንቺም መጋረጃ ልትስብ ገመዱን ያዘች።

ያን ጊዜ የአዳራሹ የኋላ በር ተከፈተ። ለተንኪኤል ነጠላዋን አጣፍታ በመካከለኛው መተላለፊያ መጣች። ከኋላዋ በገመድ የታሰረ ትልቅ ቦርሳ የያዘች ቀጭን ልጅ ትከተላለች። ሚለን ናት። ሰው ሁሉ የድራማው ክፍል መስሎት ዞሮ አያቸው። ለተንኪኤል መድረኩ ሥር ደርሳ ቆመች፤ ቀና ብላ፣ በየዓመቱ ሳሚ የሚላትን ያቺን ቃል፣ ሳትንተባተብ አለቻት።

«ማደሪያ እንፈልጋለን።»

ሀብተሚካኤል ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። አሁን ገባው፤ ወር ሙሉ ደወል እየደወለች ያለማመደችው ለዚህ ነበር። በሰው ፊት! ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ ሚለን ላይ ወደቀ። ልጅቱ ወደ እሱ አታይም፤ ወለሉን ነው የምታየው። አንድ እግሯ ወደ በሩ ዞሯል። መልሱን ሳትሰማው ለመሄድ ተዘጋጅታለች።

ያን እግር ያውቀዋል። የራሱ እግር ነበር፤ ያን የመጀመሪያ ክረምት። በር ሲያንኳኩ አስቀድሞ ዘወር ማለት ነው፤ የሚከፍተው ሰው ፊት ላይ መልሱ ሲመጣ ላለማየት። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያስቅበት የነበረው ነገር ይሄ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባውና አፈረ።

ከምንጣፉ ላይ የተደበደበው ሰው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ጋሽ ሀብቴ» አለ በሹክሹክታ። «ፓንዶኬውስ።»

«ዝም በል፣ ሞተሃል» አለው ሀብተሚካኤል።

ከዚያ ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ አወረደ። ቁልፎቹን አንዴ አቅጨለጨላቸው፤ አዳራሹ ይህን ያውቀዋል፣ ትንፋሹን ሳበ። ሀብተሚካኤል ሚለንን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ ከሆዱ ሥር በሚወጣው በዚያ በድሮው ድምፅ፣

«ቦታ የለም!» አለ።

አዳራሹ አብሮት ጮኸ። ሚለን ወደ በሩ ዞረች። ለተንኪኤል ዓይኗን ጨፈነች። ሀብተሚካኤል እጁን ወደ ላይ አነሣና ሰዉ ዝም እስኪል ቆየ።

«…የሚል ሰው» አለ፣ «እዚህ ቤት የለም።»

አንድ አፍታ ነገሩ እስኪገባ ወሰደ። ሲገባ ግን ሳቁም እልልታውም አንድ ላይ ፈነዳ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ ሁሉ ዓመት አግኝቶ አያውቅም። እሱ አልሰማውም። ከዘለላው ላይ አንዲት ቁልፍ ለማውጣት እየታገለ ነበር፤ ቀለበቱ ዝጎ አልላቀቅ ብሎታል። አውጥቶ ጎንበስ ብሎ ለልጅቱ ዘረጋላት።

«ኋለኛዋ ክፍል ናት» አላት። «ይግቡ።»

ከትራም ወርደው ወደ ቤት ሲሄዱ ሚለን ቦርሳዋን ይዛ ትንሽ ቀደም ብላለች። ሀብተሚካኤል ሲያሰላስል ቆይቶ ድንገት ቆመ።

«ለተ፣ ግሪኩ ያን ካታሉማ ያለውን ያስተማረ ሳምንት፣ ረቡዕ ምስር ወጥ ሲበላ ምን ነበር ስታወሩ የነበረው?»

«አሎራ» አለች ለተንኪኤል። «የአገር ቤት ወሬ ነዋ፤ የዘመድ ቤት ነገር።»

በማግሥቱ ገና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሀብተሚካኤል ኋለኛዋን ክፍል በር ገፋ አድርጎ አየ። የሶፋው ላስቲክ ወልቆ ተጣጥፎ ጥግ ተቀምጧል። የቦርሳው ገመድ ተፈትቷል፤ ጥቂት ልብሶች ወንበሩ ላይ፣ አንድ ፎቶግራፍ መስኮቱ ላይ ወጥተዋል። ሚለን አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ማንም ተራ የሚጠብቃት እንደሌለ ሰው። ሀብተሚካኤል በሩን ቀስ ብሎ መለሰው፤ አልቆለፈውም።

ለተንኪኤል ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ዶሮውን እያማሰለች፣ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ሬጎላሜንቶውስ?»

ሀብተሚካኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

«በግሪኩ» አለ፣ «እንደዚያ አይልም።»